አባየ የመረቁት ሆቴል

ትኋን ያስደሰተው ሰው አይቼ አላውቅም፤ ከራሴ በቀር። ይህን ስጽፍ እንኳ ክንዴን እያከክሁ ነው። ነገሩ ካለፈ ዓመት ቢሆነውም ያንን የሞጣ ሆቴል ባነሳሁ ቁጥር ቆዳዬ ከእኔ ቀድሞ ያስታውሰዋል።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርሁ። አባየ ቢቸና ገበያው ዳር ባለች በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋሉ። ከስፌቱ ይልቅ ግን የታወቁት በምርቃታቸው ነው። ሰርግ ሲደገስ፣ ቤት ተሠርቶ ሲገባበት፣ ልጅ ለትምህርት ሲሸኝ፣ «እሳቸውን ጥሩልን» ይባላል። ምርቃቱ ከአፋቸው የሚወጣው ሳያስቡት ነው፤ ሌላው ሰው እንደሚያስነጥሰው እሳቸው ይመርቃሉ። አንድ ቀን በስህተት የደወለላቸውን የማያውቁትን ሰው መርቀው ስልኩን ሲዘጉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እማየ «ማን ነው?» ስትላቸው «እኔ እንጃ፣ የፈለገውን ያግኝ» አሉ።

አንድ ሕግ ግን አላቸው። የመረቁትን ቤት አያሙም። ድግሱ ቢጎድል፣ ጠላው ቢሆመጥጥ፣ ወንበሩ ከሥራቸው ቢሰበር፣ አንድ ጊዜ «ቤቱን ይባርክ» ብለው ከሆነ አለቀ፣ አይተነፍሱም።

ታላቅ እህቴን እታለም ነው የምላት። እታለም ሞጣ ልብስ መሸጫ ውስጥ ተቀጥራ ሄደች፤ በዓመቷ ስልክ የሚጠግን ልጅ አገባች። አባየን ሳትጠይቅ፣ ሽማግሌ ሳይላክ፣ ማዘጋጃ ቤት ፈርመው። የላከችው ፎቶ በእማየ ስልክ ላይ ሲከፈት እታለም በኪራይ ቬሎ ውስጥ ቆማ ትስቃለች። የቢቸናን ሙሽሮች ሁሉ ሲያለብሱ የኖሩት አባየ ስልኩን አቅርበው፣ አርቀው፣ እንደገና አቅርበው አዩትና፣ «እጅጌው ጠማማ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ስሟን አልጠሩም። ባሏ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። አባየ ሽማግሌዎቹን አብልተው፣ አጠጥተው፣ መርቀው፣ «አስቤበት» ብለው ሸኟቸው። እያሰቡ ቀሩ።

እታለም ስታረግዝም ነገሩ አልለዘበም። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ እሷ ግን እዚያው ሞጣ ወለደች፣ ሴት ልጅ። እማየ ለብቻዋ አለቀሰች፤ ገንፎ ዱቄትና ቅቤ በሰው ላከች። ሰማንያው ቀን ደርሶ የክርስትናው ጥሪ ሲመጣ ታዲያ አባየ ለሦስት ቀን አንገታቸውን ደፍተው ሰፉና በአራተኛው ቀን እንዲህ አሉ፦ «የምሄደው ለቤተ ክርስቲያኑ ነው። ለቤቷ አይደለም። ቅዳሜ ሆቴል እናድራለን፣ እሁድ ሕፃኗ ስትጠመቅ አያለሁ፣ በመኪና እንመለሳለን።»

እኔ ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰማሁት አንድ ነገር ነው። አባየና እታለም በአንድ ከተማ ውስጥ አንድ ሌሊት ሊያድሩ ነው! ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አላማዬ አንድ ሆነ፦ አባየን እታለም ደጃፍ ውስጥ ማስገባት። ይህ ቀን ካለፈ እንደገና መቼ ሞጣ ይመጣሉ? ሕፃኗ አድጋ «አያትሽ በአጠገብሽ አልፎ ሄደ» ልትባል ነው?

ቅዳሜ ማለዳ ተሳፈርን። ገና ደብረ ወርቅ ሳንደርስ የአውቶቡሱ መስኮት አልዘጋ ብሎ ፒስታው መንገድ ከነአቧራው ውስጥ ገባ። ሞጣ ስንወርድ የእማየ ነጠላ ቡና ዓይነት ሆኗል፤ የአባየ ቅንድብ ቀይ ነው፤ እኔ ስናገር ጥርሴ መካከል አሸዋ ይንኮሻኮሻል። አባየ ጫማቸውን ወደ ታች አዩና «እግሬ ቢታጠብልኝ» አሉ።

ይህን ልብ በሉልኝ። ቤታችን ውስጥ አባየ ማታ ከስፌት ሲመለሱ እግራቸው በለብ ያለ ውሃ ይታጠባል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታጥበው እታለም ነበረች። ከሄደች ወዲህ እኔ ነኝ፤ «አንቺ ታኮረኩሪኛለሽ» ይሉኛል። የታጠበው ሰው ደግሞ መጨረሻ ላይ ይመርቃል፤ ያጠበው ልጅ እግር ይስማል። የሁላችንም ቤት እንዲህ ነው።

ሆቴሉን የመረጠልን በዕድሜ ከእኔ የማይበልጥ ደላላ ነው፤ የሆቴሉን ስም አልጽፈውም። ከስሙ ኋላ «ኢንተርናሽናል» የሚል ተጽፎበታል፤ ቀለሙ አልቆበት መጨረሻው ላይ ያሉት ፊደላት በጠመኔ ነው የተጨመሩት። ባለቤቷ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሁለት የጣት ቀለበት ያላት ሴትዮ ናት። አባየን ከነጋቢያቸው፣ ከነከዘራቸው ስታይ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ኧረ አባቴ! ኧረ ይግቡ! እንደ እርስዎ ያለ ሽማግሌ ደጄን ረግጦ ሳይመርቀኝ ሊያልፍ ነው? ባለፈው ወር ነው ያደስሁት፣ ገና ሰው አልመረቀልኝም።»

እማየ የአባየን ጋቢ ጫፍ ያዝ አደረገች። «አንቱ፣ መጀመሪያ ክፍሉን እንየው» አለች በሹክሹክታ።

አልሰሟትም። ምርቃት ተጠይቀው እምቢ ብለው አያውቁም። ቆብ አውልቀው፣ እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ፦ «ቤትሽን የሰላም ያድርገው። የገባ ጠግቦ ይውጣ። የተኛ በደስታ ይንቃ። እንግዳ አይጥፋበት።» በረንዳው ላይ ቢራ የሚጠጡት ሰዎች ሁሉ «አሜን» አሉ። ሴትዮዋ «አሜን፣ አሜን» እያለች ከግድግዳው ላይ ቁልፍ አወረደች። ቁልፉ እንዳይጠፋ ከአንድ ክንድ የሚረዝም እንጨት ታስሮበታል። እማየ እንጨቱን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

ክፍሉን ልንገራችሁ።

ሁለት አልጋ አለ። አንዱ እግሩ በጡብ የተደገፈ ነው። መጋረጃው በሁለት ምስማር ተወጥሯል፤ ከፍተን ብርሃን ለማስገባት ምስማሩን መንቀል ነበረብን። የሻወሩ ቧንቧ አናቱ ላይ ጥቁር ፌስታል ታስሮለታል፤ ስከፍተው አንዲት ሸረሪት ወጥታ እንደ ባለቤት አየችኝ። ሳሙናው ቅጠል አክሏል፤ የሰው ፀጉር አለበት። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፤ በሩ ላይ ለሁሉም እንግዳ የሚሆን አንድ ጥንድ ሲሊፐር ተቀምጧል፤ ሁለቱም የግራ ናቸው። ከግድግዳው ማዶ ቡና ቤቱ ውስጥ ኳስ ይታያል፤ ጎል ሲገባ የአልጋችን ብረት ይንቀጠቀጣል።

ወደ ሴትዮዋ ሮጥሁ። «ውሃ የለም እኮ።»

«ይመጣል።»

«መቼ?»

«ትናንት መጥቶ ነበር።»

ይህን መልስ ይዤ ተመለስሁ። አባየ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አንሶላውን በጣታቸው ያሹታል። «ይኼ አንሶላ ከሁለት የተለያየ ጨርቅ ነው የተገጠመው» አሉ። «ግማሹ የመጋረጃ ነው። መርፌውም ደነዝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አንነግራትም? ሌላ እንፈልግ እንጂ» አለች እማየ።

«መረቅሁት እኮ።»

«የመረቁት ሳያዩት ነው!»

«አይቼማ ማን ይመርቃል» አሉና ጋደም አሉ።

ጋደም ባሉ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተነስተው ተቀመጡ። አንገታቸውን አከኩ። ክርናቸውን አከኩ። ከዚያ ፍራሹን ገልበጥ አድርገው ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ከፈት ሲያደርጉት፣ እንደ ተልባ ፍሬ የተደረደረ ነገር ውስጡ ተንቀሳቀሰ።

እማየ «በስመ አብ!» ብላ ጡቡ ላይ ወደቆመው አልጋ ዘለለች፤ አልጋው ከጡቡ ወረደ።

እኔ ምን እንደተሰማኝ ልናገር? ደስታ። እውነቴን ነው፣ ልቤ ዘለለ። ውሃ የለም፣ ሽንት ቤቱ አይገባበትም፣ ትኋን አለ! አባየ ይህን ጥለው የት ይሄዳሉ? እታለም ቤት! በአእምሮዬ ትኋኖቹን አንድ በአንድ አመሰገንኋቸው።

አባየን ግን ገና አላወቅኋቸውም ነበር። ከኮታቸው ኮሌታ ላይ ክር እንደተሰካባት ሁልጊዜ የምትኖረውን መርፌ ነቀሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። ፍራሹን ጭናቸው ላይ ስበው የተተረተረውን ስፌት መስፋት ጀመሩ። በጥቃቅን፣ በተጠጋጋ፣ ለሰርግ ልብስ በሚሰፉት ዓይነት ስፌት።

«አባየ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እዘጋባቸዋለሁ።»

ከሰዓቱ እንዲህ አለፈ። አባየ ትኋኖቹን ፍራሽ ውስጥ ሰፍተው ሲያስሩ፣ እማየ መሬት እንዳይነካ ሻንጣችንን ታቅፋ ስትቆም፣ እኔ ስቀመጥ ስነሳ። መቀመጥ አልቻልሁም። በተቀመጥሁ ቁጥር የሆነ ነገር ጉልበቴ ሥር የሚሄድ ይመስለኛል። በቆምሁ ቁጥር ደግሞ ቀኑ የሚሄድ ይመስለኛል። አንዴ በሩ ጋ፣ አንዴ መስኮቱ ጋ፣ አንዴ ጓሮ ደርሼ የግራ ሲሊፐሮቹን አይቼ እመለሳለሁ። እታለም ያለችው ከገበያው ማዶ ነው፤ ብሮጥ አሥር ደቂቃ አይሞላም። አሥር ደቂቃ!

«እማየ፣ ደርሼ ልምጣ።»

እማየ አባየን አየች። አባየ ከስፌቱ ቀና ሳይሉ «እኔ ማንንም አልከለከልሁም» አሉ።

ሮጥሁ።

እታለም ግቢ ውስጥ ጎረቤቶቿ ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ ባሏ እጅጌውን ሰብስቦ ወንበር ይደረድራል። ሲያየኝ ወንበሩን ለቀቀው። «መጡ? አባትሽ መጡ?»

«መጥተዋል። ሆቴል ናቸው።»

ወንበሩን ደግሞ አነሳው። እታለም ጓዳ ውስጥ ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ሳመችኝና አገላብጣ አየችኝ። «ምን ሆነሽ ነው የምታኪው?»

ሁሉንም ነገርኋት። ሸረሪቷን፣ ሲሊፐሩን፣ የተሰፋውን ፍራሽ። ጎረቤቶቿ እስኪያነቡ ሳቁ። እታለምም ሳቀች፤ ከዚያ በመሀል ሳቋ ቆመ።

«የአባየን እግር ማን አጠበው?»

«ማንም። ውሃ የለም አልሁሽ እኮ። ከነአቧራቸው ነው ያሉ።»

ሕፃኗን ለጎረቤቷ አቀበለች። ተነሳች። ከማድጋው ጎን ያለውን ጀሪካን አነሳች፤ ከእሳቱ ላይ የፈላ ውሃ ጨመረችበት፤ ሳፋ ብብቷ ሥር አደረገች።

ሴቶቹ ጮኹ። «ኧረ የት? አራስ አይደለሽም እንዴ! ነገ ነው ክርስትናው! ፀሐይ ልትጠልቅ!»

«አባቴ እግራቸው ሳይታጠብ አያድሩም።»

ባሏ ጀሪካኑን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። «እኔ ልውሰደው፣ አንቺ ተቀመጭ።»

«አንተን ምን ብለው ይሰጡሃል እግራቸውን?» አለችው። እውነቷን ነው፤ እሱም አወቀው። ጀሪካኑን ለእኔ ሰጠኝና ሳፋውን ለእሷ ተወላት።

አንዲት ጎረቤቷ እየተቆጣች መጥታ የሽንኩርቱን ቢላዋ እጇ ላይ አስያዘቻት። «ከወጣሽ አይቀር ብረት ያዢ!» አራስ ከደጅ ስትወጣ ብረት ትይዛለች፤ ክፉ ነገር እንዳይጠጋት። እንዲህ ሆነን በገበያው መካከል አለፍን፦ እኔ በጀሪካኑ ወደ አንድ ጎን ተጣምሜ፣ እሷ ሻሽ አስራ፣ ጋቢ ለብሳ፣ በአንድ እጇ ሳፋ፣ በሌላው ቢላዋ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀልን።

የሆቴሉ ባለቤት ከሩቅ ስታያት ከወንበሯ ተነሳች። «ምነው? ምነው እናቴ? በውሃው ነው? ይመጣል እኮ!»

እታለም አልፋት ገባች።

አባየ ሁለተኛውን ፍራሽ ጀምረው ነበር። በሩ ሲከፈት ከመነጽራቸው በላይ አዩ። ሁለት ዓመት። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ ስለዚህች ደቂቃ ስንት ነገር አስቤያለሁ፦ ይቆጣሉ፣ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ያለቅሳሉ። አባየ ግን መርፌውን ጣሉና፣

«አራስ ሆነሽ! በዚህ ሰዓት! ማን ውጪ አለሽ?» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወደ እማየ ዞረው፣ «ማን ነው ያስወጣት? ቤት ውስጥ ሰው የለም?»

«ብረት ይዣለሁ አባየ» አለች እታለም፤ ቢላዋውን አሳየቻቸው።

«ብረት ይዣለሁ ትላለች!»

ግን ተቀመጡ። እሷም ሳፋውን ከእግራቸው ሥር አድርጋ ተንበረከከች፤ ቢላዋውን ከጎኗ መሬት ላይ አኖረች። ጫማቸውን ስትፈታ እምቢ አላሉም፤ ያንን ጊዜ ሁሉ እንደማያውቅ ሰው መስኮቱን ይመለከቱ ነበር። እኔ ውሃውን አፈሰስሁላት። ውሃው ሳፋው ውስጥ ወዲያው ቀላ። ተረከዛቸውን አሸች፣ በጣቶቻቸው መካከል አሸች፤ እኔ የማኮረኩርበት ቦታ ላይ እሷ አላኮረኮረችም። ማዶ ቡና ቤት ውስጥ ጎል ገባ፤ አልጋው ተንቀጠቀጠ። እማየ ሻንጣውን እንደታቀፈች ከንፈሯን ነክሳለች። እኔም ማከክ አቆምሁ።

እታለም በጋቢዋ ጫፍ አደረቀችላቸው። ጎንበስ ብላ የቀኙን ሳመች። የግራውን ሳመች።

ያኔ የአባየ አፍ እንደ ልማዱ ሥራውን ጀመረ።

«ተባረኪ። የወለድሽውን ይባርክልሽ። በወግ በማዕረግ አሳድገሽ ለመዳር ያብቃሽ። ጎጆሽን ያሙቀው። ቤትሽን…»

ቆሙ። ምን እያሉ እንደሆነ የሰሙት እዚያ ሲደርሱ ነው። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ዓይናቸው ከመስኮቱ ወርዶ ጭንቅላቷን አየ፤ ሻሿ ጎኑ ላይ ተተርትሯል፤ እሳቸው ያንን ሳያዩ አይቀሩም።

«…ቤትሽን የሰላም ያድርገው» ብለው ጨረሱት።

«አሜን» አለች እማየ፤ ከዚያ ቤተሰባችን ውስጥ ማንም ያልጠበቀውን ተናገረች። «እንግዲህ አንቱ፣ የመረቁትን ቤት አያሙም ነበር።»

«አላማሁም።»

«አይሸሹትምም።»

አባየ ሁለቱን ፍራሾች አዩ። የጠለቀችውን ፀሐይ አዩ። ወለሉ ላይ ያለውን ቢላዋ አነሱና ለእታለም አቀበሏት፤ «አራስ በምሽት ብቻዋን አትሄድም» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። መርፌያቸውን ፈልገው ኮሌታቸው ላይ ሰኩ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቋት፦

«ቤትሽ… ትኋን አለው?»

«የለውም አባየ።»

«እንዲያ ከሆነ እንሂድ።»

ሴትዮዋ «ወዴት አባቴ? አልተመቻችሁም?» ስትል አባየ ቆብ አነሱላት። «ተመችቶናል። ፍራሾችሽን ጠግኛቸዋለሁ፤ አትክፈቻቸው» አሏት። አንዲት የሐሜት ቃል አልወጣቸውም።

በመንገድ ላይ እታለም ቢላዋዋን ይዛ በቀኛቸው ሄደች፤ እኔ ባዶውን ጀሪካን እያንኳኳሁ ከኋላ። ጀሪካኑ ባዶ ሲሆን ይዘፍናል፤ እማየ «ተይው አንቺ» አለችኝ፤ አልተውሁትም።

ደጃፉ ላይ ባሏ ሲያየን ሁለት ወንበር አንድ ላይ አንስቶ የቱን እንደሚያስቀምጥ ጠፋው። ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። አንደኛዋ «አባታችን፣ ከመግባትዎ በፊት ቤቱን ይመርቁልን!» አለቻቸው።

አባየ የታጠበ ቀኝ እግራቸውን ደፉ ላይ አድርገው፣ በአንድ እጃቸው አንገታቸውን እያከኩ፣

«መርቄዋለሁ» አሉ። «አሁን ልጅቷን አሳዩኝ።»